የአንዱን መኪና ኮይል ለሌላው ከመግጠማችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ የድሮ መኪና ገና ሥራ አልፈታም። ከገጠር ቡና የሚያመጣ ላንድሮቨር አለ። የታክሲነት ዘመኑን ጨርሶ ለቤት የሚያገለግል ላዳ አለ። ባለቤቱ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው ቮልስም አለ። ችግሩ የሚመጣው የእነዚህ መኪኖች ኮይል (የባትሪውን ቮልት አሳድጎ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ) ሲበላሽ ነው። ኦሪጅናሉ በቀላሉ አይገኝም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተደውሎ ይጠየቃል። ከጠፋ ደግሞ ከሌላ ሞተር የወረደ ኮይል ይፈለጋል። ቅርጹ ያው ቆርቆሮ ነው፣ ላዩ ላይም 12 ቮልት ይላል። ይታሰራል፣ ሞተሩም ይነሳል።

ከዚያ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሳጃን አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል። ቁልቁለቱ አልቆ ወደ ወልቂጤ ዳገቱ ሲጀመር ሞተሩ ይቆራርጣል፣ ጉልበት ያጣል፣ በመጨረሻም ቀጥ ይላል። ቤንዚኑ ይጠረጠራል፣ ካርቡራቶሩ ይፈታል። ጥፋቱ ግን ጅማ ላይ የታሰረው ኮይል ነው።

ኮይሉ ላይ ያለው «12 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ለየትኛው ሲስተም እንደተሠራ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የውስጡ ሬዚስታንስ ነው፤ ይህም ሽቦው ከረንትን የሚቃወምበት መጠን ሲሆን በኦም ይለካል። እሱን ለመለካት ደግሞ መርካቶ የሚሸጥ ተራ ቴስተር ይበቃል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከመግጠም በፊት መለካት ልማድ እንዲሆን ስለምፈልግ ነው። መለኪያው የደቂቃዎች ሥራ ነው። መንገድ ላይ መቅረት ግን ቀን ይበላል።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው

ኮይል ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። አንደኛው ወፍራም ነው፣ ጥቂት መቶ ዙር ብቻ። ይህ ፕራይመሪ ይባላል። ሁለተኛው ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው፣ ወደ 20,000 ዙር ይደርሳል። ይህ ሴከንደሪ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ ያለው ኮንታክት ፖይንት (የሚከፈትና የሚዘጋ መገናኛ) ሲዘጋ ከባትሪ የሚመጣው ከረንት በፕራይመሪው ያልፍና መግነጢስ ይፈጠራል። ፖይንቱ ሲከፈት ከረንቱ ድንገት ይቋረጣል። መግነጢሱ ሲፈርስ ሴከንደሪው ላይ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ሊወለድ ይችላል። ካንዴላው ጫፍ ላይ የምናየው እሳት እሱ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር መመጣጠን አለበት። በፕራይመሪው የሚያልፈው ከረንት ጥሩ መግነጢስ ለመፍጠር መብቃት አለበት። በዚያው ልክ ፖይንቱን እስኪያቃጥል መብዛት የለበትም። ተራ ፖይንት ለረጅም ጊዜ ሳይጎዳ የሚችለው ከ4 እስከ 5 አምፔር አካባቢ ነው።

ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ ቮልቱን ለኦሙ ማካፈል። ሞተሩ ሲሠራ ቻርጁ ወደ 14 ቮልት ስለሚደርስ በ14 እናስላ። ኮይሉ 3 ኦም ከሆነ 14 ለ3 ሲካፈል 4.7 አምፔር ይሆናል። ለፖይንት ልክ ነው። 1.5 ኦም ከሆነ 9.3 አምፔር ነው። ፖይንቱ ይቃጠላል፣ ኮይሉም ይግላል። 0.5 ኦም ከሆነ ደግሞ 28 አምፔር ይመጣል። ይህ ለፖይንት አደጋ ነው፣ ሽቦውንም ሊያቀልጥ ይችላል።

የድሮ መኪና ኮይሎች በሦስት ወገን የሚከፈሉት በዚሁ ነው። 3 ኦም አካባቢ ያለው ያለ ተጨማሪ ነገር በቀጥታ ከፖይንት ጋር የሚሠራ ነው። 1.5 ኦም አካባቢ ያለው ከውጭ ባላስት የሚባል ሬዚስተር ይፈልጋል። ከ1 ኦም በታች የሆነው ከረንቱን ራሱ ለሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ ሞጁል የተሠራ ነው። ሦስቱም ላይ 12 ቮልት ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ባላስቱ ለምን አስፈለገ? ሞተሪኖ (የማስነሻው ሞተር) ሲዞር ባትሪው ወደ 9 ወይም 10 ቮልት ይወርዳል። ያን ጊዜ እሳቱ ይደክማል። መሐንዲሶቹ ያደረጉት ኮይሉን ዝቅ ባለ ቮልቴጅ እንዲሠራ አድርጎ መጠቅለል ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ባላስቱ ይታለፍና የባትሪው ቮልቴጅ በሙሉ ኮይሉ ላይ ይደርሳል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባላስቱ ተመልሶ ከረንቱን ይገድባል። ጠዋት በብርድ ለማስነሳት ይህ በጣም ጥሩ ዘዴ ነው።

ደረጃ 1፦ ተቀባዩ መኪና ምን እንዳለው እወቁ

ብዙ ሰው ኮይሉን ይለካል እንጂ መኪናውን አይለካም። ግማሹ መልስ ያለው ግን መኪናው ላይ ነው።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ሲከፈትና ሲዘጋ የምታዩት መገናኛና አጠገቡ ወይም ውጭ የታሰረ ትንሽ ኮንደንሰር ካለ ፖይንት ነው። ሦስት ሽቦ ያለው ሴንሰር ወይም ትንሽ ጥቁር ሞጁል ካያችሁ ኤሌክትሮኒክ ነው። ቀድሞ ፖይንት የነበረው መኪና በኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በሞዴሉ ስም ብቻ አትፍረዱ።

ቀጥሎ ባላስት ፈልጉ። አንዳንዱ ነጭ ሴራሚክ ሆኖ ኮይሉ አጠገብ ወይም ኮይሉን በያዘው ብረት ላይ ይታሰራል። የጃፓን መኪኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ግን አይታይም። ከቁልፉ እስከ ኮይሉ የሚመጣው ሽቦ ራሱ ሬዚስታንስ እንዲኖረው ተደርጎ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር ተጠቅልሏል። የእንግሊዝ መኪኖችና ፎርዶች ላይ ይህን ታገኛላችሁ። ዓይን ስለማያየው በቴስተር ነው የሚገኘው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከኮይሉ መሃል ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ከዲስትሪቢዩተሩ በኩል ንቀሉትና ጫፉን ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር አስነኩት፣ እንዳይወድቅም አጥብቁት። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ ከቁልፍ ሽቦ በሚመጣበት የኮይሉ ተርሚናል (ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቩ) ላይ፣ ሌላውን ባዶ ብረት ላይ ያዙ። አሁን ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፣ ሞተሪኖውን ግን አታዙሩ። ከዚያ በአጭር ሽቦ ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደውን የኮይሉን ትንሽ ተርሚናል (ብዙውን ጊዜ ኔጌቲቩን) ከሞተሩ ብረት ጋር ለሁለትና ሦስት ሰከንድ አገናኙና ቴስተሩን አንብቡ።

ይህችን አጭር ሽቦ የማይጠቀም ሰው ይሳሳታል። ፖይንቱ ክፍት ሆኖ ከቆመ ከረንት አያልፍም። ከረንት ካላለፈ ባላስት ቢኖርም ባይኖርም ቴስተሩ የባትሪውን 12 ቮልት ያሳያል። «ባላስት የለውም» ተብሎ ይደመደማል፣ ኮይሉም በተሳሳተ መንገድ ይመረጣል።

ንባቡ ለባትሪው ቮልቴጅ ከቀረበ ባላስት የለም። ከ6 እስከ 9 ቮልት ከሆነ ባላስት አለ። 10 ወይም 11 ቮልት ላይ ከቆመ ባላስቱን ትታችሁ የቁልፉን መገናኛና የሽቦዎቹን ጫፍ ተመልከቱ። ጅማ ዝናቡ ብዙ፣ እርጥበቱም የሚቆይ ነው። የድሮ ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል፣ እሱም ሳይጠራ ቮልቴጅ ይበላል።

ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ባለው መኪና ላይ ይህን በአጭር ሽቦ የማገናኘት ሥራ አትሥሩ። እዚያ የሞጁሉን ዓይነት አጣርታችሁ የሚፈልገውን ዝቅተኛ ኦም ማወቅ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የምትገጥሙትን ኮይል ለኩ

ኮይሉ ተነቅሎ፣ ቀዝቅዞ ይለካ። የጋለ ኮይል ይዋሻል። የመዳብ ሬዚስታንስ ከሙቀት ጋር ስለሚጨምር በ20 ዲግሪ 3 ኦም የነበረው በ80 ዲግሪ 3.7 አካባቢ ያነባል።

ቴስተሩን ትንሹ የኦም መለኪያ ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች እርስ በርስ አስነኩና ያነበበውን ጻፉት። ርካሽ ቴስተር 0.3 ወይም 0.5 ሊያሳይ ይችላል። ይህ የራሱ ሽቦ ሬዚስታንስ ስለሆነ ከመጨረሻው ውጤት ይቀነሳል። 3 ኦም ስትለኩ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። 0.5 እና 1.5ን ለመለየት ስትሞክሩ ግን ሙሉ በሙሉ ያሳስታችኋል።

ሁለቱን ትናንሽ ተርሚናሎች ለኩ። ይህ ፕራይመሪው ነው። ቀጥሎ ቴስተሩን ወደ ኪሎ ኦም አዙሩ። ከአንዱ ትንሽ ተርሚናል እስከ መሃለኛው ትልቅ ቀዳዳ ለኩ። ይህ ሴከንደሪው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ኪሎ ኦም ውስጥ ይወድቃል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። በመጨረሻ ከትንሹ ተርሚናል እስከ ቆርቆሮው ገላ ለኩ። እዚህ ምንም መነበብ የለበትም። ካነበበ ኮይሉ ውስጡ ሾርት ነው፣ ጣሉት።

የኮይሉን ገላም አንብቡ። አንዳንዱ ላይ ከውጭ ሬዚስተር ጋር ብቻ ተጠቀሙ ወይም የውጭ ሬዚስተር አያስፈልግም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ክዳኑ ዙሪያ የዘይት ምልክት ካለ፣ ወይም ሲወዘወዝ ዘይቱ የጎደለ ከመሰላችሁ፣ ቁጥሩ ቢያምርም አትመኑት። ዘይቱ ማቀዝቀዣውም ኢንሱሌሽኑም (እሳት እንዳያፈስ የሚከላከለው) ነው።

ቴስተር የማያሳየው ነገርም አለ። ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲግል ውስጡ የሚያፈስ ኮይል በኦም አይያዝም። እሱ የሚያዘው በመንገድ ሙከራ ነው፣ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ደረጃ 3፦ ማጣመር

ፖይንት ያለው፣ ባላስት የሌለው መኪና ላይ 3 ኦም ኮይል ይግባ። ሌላ ምንም አይፈልግም። በእጃችሁ ምርጫ ካለ እኔ ሁልጊዜ ይህን እመርጣለሁ። ክፍሉ ባነሰ ቁጥር መንገድ ላይ የሚበላሸውም ያንሳል።

ባላስት ያለው መኪና ላይ 1.5 ኦም ኮይል ይግባ። እዚህ 3 ኦም ኮይል ብታስገቡ ድምሩ 4.5 ኦም ይሆናል፣ ከረንቱም ወደ 3.1 አምፔር ይወርዳል። ምንም አይቃጠልም። ግን እሳቱ ደካማ ነው። ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ይቆራርጣል። ብዙ ጊዜ ካርቡራቶር የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ባላስቱን ማለፍ ነው። የሚታይ ሴራሚክ ከሆነ የመግቢያውን ሽቦ በቀጥታ ወደ ኮይሉ ፖዘቲቭ አምጡ። የተደበቀ ሽቦ ከሆነ ግን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ አዲስ ሽቦ ዘርጉ፣ የድሮውንም ጫፍ በደንብ ሸፍኑ።

ተቃራኒው ደግሞ አለ። ያገኛችሁት 1.5 ኦም ኮይል ነው፣ መኪናው ግን ባላስት የለውም። ሞተሩ ይነሳል፣ እንዲያውም እሳቱ ደማቅ ስለሚሆን ያስደስታል። ፖይንቱ ግን በጥቂት ጊዜ ይጠቁራል፣ ኮይሉም ይፈላል። 1.5 ኦም ባላስት ጨምሩ። እዚህ ላይ አደራ የምለው፣ ከሬዲዮ ጠጋኝ ቤት የሚገኘውን ትንሽ 5 ወይም 10 ዋት ሬዚስተር አትጠቀሙ። ፖይንቱ ተዘግቶ ቁልፉ ክፍት ቢቆይ ባላስቱ ላይ የሚወጣው ሙቀት በ12 ቮልት ወደ 24 ዋት ይደርሳል። ለመኪና የተሠራውን ሴራሚክ፣ ካልሆነም 50 ዋት የሚችል ፈልጉ። ከፕላስቲክና ከቤንዚን ቱቦ ርቆ ባዶ ብረት ላይ ይታሰር።

ባላስቱን ለማስነሻ ሰዓት ማለፍ ከፈለጋችሁ የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ኃይሉን ለሞተሪኖው የሚያገናኘው ማብሪያ) ላይ ለዚህ የተሠራ ተጨማሪ ትንሽ ተርሚናል መኖሩን እዩ። ካለ ከእሱ ወደ ኮይሉ ፖዘቲቭ ሽቦ ይሄዳል። ከሌለ ተዉት። ሞተሪኖውን ከሚያዞረው ወፍራም ተርሚናል ላይ በፍጹም አትቀጥሉ። ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን የኮይሉ ኃይል በሞተሪኖው ጥቅል በኩል ወደ ብረት ይፈሳል፣ እሳትም አይኖርም።

ከ1 ኦም በታች የሆነ ኮይል ከፖይንት ጋር አይገናኝም። በባላስት አስተካክለዋለሁ ብላችሁም አትድከሙ። እንደ ቪትዝ ካሉ አዳዲስ መኪኖች የሚወርዱት፣ ካንዴላ ላይ የሚቀመጡና ሦስት ወይም አራት ሽቦ ያላቸው ኮይሎች ብዙዎቹ ውስጣቸው ትራንዚስተር አለ። የሚሠሩት በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ለድሮ ሞተር አይሆኑም።

ኦሙ ገጥሞም የሚያሳስቱ ነገሮች

ቮልቴጁ አንዱ ነው። የድሮ ቮልሶች እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) 6 ቮልት ነበሩ። የ6 ቮልት ኮይል በቅርጽ የ12 ቮልቱን ይመስላል። ኦሙ ዝቅ ያለ ስለሆነ በ12 ቮልት ያለ ባላስት ከታሰረ ይቃጠላል።

የሲሊንደር ቁጥርም አለበት። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር በሰከንድ 100 እሳት ይፈልጋል። ባለ 6 ሲሊንደሩ በዚያው ፍጥነት 150 ይፈልጋል። ኮይሉ ለመሙላት የሚያገኘው ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል። ስለዚህ ከትንሽ ሞተር የወረደ ኮይል ባለ 6 ሲሊንደር ላንድ ክሩዘር ላይ ሲገባ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሰላም ሆኖ ፍጥነት ሲጨምር ሊደክም ይችላል። ከባለ 6 ወደ ባለ 4 ሲሆን ግን፣ ኦሙ ከገጠመ፣ ይህ ችግር የለም።

ፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጥ) ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች፣ የቆዩ ላንድሮቨሮችም ጭምር፣ ከብረቱ ጋር የሚታሰረው የባትሪ ጫፍ ፖዘቲቭ ነበር። ካንዴላ የሚወደው የመሃል ጫፉ ኔጌቲቭ ሲሆን ነው። የጋለው የመሃል ጫፍ ኤሌክትሮን በቀላሉ ስለሚለቅ እሳቱ በትንሽ ቮልቴጅ ይዘላል። ኮይሉ ተገልብጦ ቢታሰርም ሞተሩ ይሠራል፣ ግን ተጨማሪ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ኔጌቲቩ ከብረት በታሰረ መኪና ላይ የኮይሉ ኔጌቲቭ ወደ ዲስትሪቢዩተር፣ ፖዘቲቩ ወደ ቁልፍ ይሂድ። የጀርመን ኮይሎች ላይ 15 ቁጥር ከቁልፍ የሚመጣው ነው፣ 1 ቁጥር ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው፣ 4 ቁጥር ደግሞ የመሃሉ። ባትሪው ተገልብጦ የታሰረ የድሮ እንግሊዝ መኪና ከሆነ ሁለቱን ትናንሽ ሽቦዎች አቀያይሩ። ከላይ ያለው የቴስተር ንባብም ምልክቱ ተገልብጦ ይመጣል፣ አትደንግጡ።

የላዳ ባለቤቶች ልብ በሉ። በፖይንት የሚሠራው ላዳ ኮይሉ ቢ-117 የሚባለው ነው፣ 3 ኦም አካባቢ። በኋላ ፖይንት የሌላቸው ላዳዎች ሲመጡ 27.3705 የሚል ቁጥር ያለው ኮይል መጣ። የእሱ ፕራይመሪ 0.45 ኦም አካባቢ ነው። ሁለቱም «የላዳ ኮይል» ተብለው ይሸጣሉ። ሻጩ አልዋሸም፣ ግን ሁለተኛው ፖይንት ያለው ላዳ ላይ ከገባ ያቃጥላል። ላንድሮቨር ላላችሁ ደግሞ የሉካስ ዲኤልቢ 101 ያለ ባላስት፣ ዲኤልቢ 102 ከባላስት ጋር የሚሠራ ነው። ልዩነቱ አንድ አሃዝ ብቻ ስለሆነ ካርቶኑን አንብቡ፣ ከዚያም ለኩት።

ደረጃ 4፦ መግጠም

የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። የድሮውን ኮይል ሽቦዎች በማርከር ምልክት አድርጉባቸው። የኮይሉ መያዣ ብረት ጠበቅ ብሎ ገላውን ይጨብጥ፣ ሙቀቱ የሚወጣው በእሱም በኩል ነው። ከጭስ ማውጫው አርቁት። የመሃሉ ቀዳዳ ቅርጽ ከገመዳችሁ ጫፍ ጋር መግጠሙን እዩ። አንዳንዱ ጠልቆ የሚገባ፣ አንዳንዱ የሚሸፍን፣ የድሮ ሉካስ ደግሞ በብሎን የሚጠብቅ ነው። በግድ አታስገቡ። ሳይደርስ የቀረ ገመድ ውስጥ ለውስጥ እሳት እየዘለለ ኮይሉን ይበላዋል።

ኮይል ከቀየራችሁ ፖይንቱንም እዩት። ከጠቆረ ቀይሩት፣ ክፍተቱንም ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉት፣ የመኪናችሁ ማንዋል ሌላ ካላለ። ኮንደንሰሩንም አብራችሁ ብትቀይሩ ጥሩ ነው። ካንዴላውን ለፖይንት ሲስተም ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ያዙት።

ደረጃ 5፦ መፈተሽ

ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ሲሠራ ገመዱን እየነቀላችሁ እሳት አትሞክሩ። መውጫ ያጣው ቮልቴጅ የኮይሉን ኢንሱሌሽን ይበሳል፣ እጃችሁንም ይመታል። እሳት ማየት ከፈለጋችሁ የተነቀለ ካንዴላ ከገመዱ ጋር አያይዙ፣ ገላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስራችሁ፣ ከካርቡራቶሩ አርቃችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ።

ከዚያ መኪናውን አስለፉት። ከጅማ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ለዚህ ጥሩ ነው። ቅርብ ነው፣ ቢቆምም ተመልሶ መምጣት ይቻላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ሞተሩን አጥፉና የኮይሉን ገላ በጥንቃቄ ዳስሱ። ሞቅ ማለቱ ጤና ነው። እጅ ለአፍታ እንኳ የማያስቀምጥ ከሆነ ከረንቱ በዝቷል። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና ባላስቱን እንደገና ለኩ። ቀዝቃዛ ሆኖ ሞተሩ ዳገት ላይ ከደከመ ደግሞ ከረንቱ አንሷል።

ሲግል ቆሞ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ኮይሉ ራሱ አርጅቷል። ግን ከመጣላችሁ በፊት ዲስትሪቢዩተር ክዳኑን እዩት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትርን ያለፈ ከተማ ነው። በስስ አየር ውስጥ እሳት በቀላሉ ይዘላል። ይህ ለካንዴላው ቢመችም ለተሰነጠቀና ለራሰ ክዳንም ያው ይመቻል። ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን ብታስነሱ የሚያፈሰውን ቦታ ሰማያዊ ብልጭታው ያሳያችኋል።

ሬዲዮ ለመስማት ብላችሁ ቁልፉን ኦን ላይ ትታችሁ አትቀመጡ። ፖይንቱ ተዘግቶ ከቆመ ከረንቱ ያለ እረፍት በኮይሉ ያልፋል፣ ትክክለኛው ኮይል እንኳ በዚህ ይቃጠላል።

በመጨረሻ በለካችሁት ኮይል ገላ ላይ ኦሙን፣ ባላስት መፈለግ አለመፈለጉንና የወረደበትን መኪና በማርከር ጻፉ። ለረጅም መንገድ መጠባበቂያ ኮይል የምትይዙ ከሆነ የሚያዘው እንዲህ የተለካና አንድ ጊዜ መኪናው ላይ ታስሮ የተሞከረው ነው። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እርጥበት በማይነካው ቦታ አስቀምጡት። ባላስት የምትጠቀሙ ከሆነ ትርፍ ባላስት አብሮት ይታሰር።